ከጨርቁ ሥር ያለው



አርክቴክት ጓደኛዬ ብዙ ባለሙያ በጋራ የሚሠራበትን የሕንፃ ሞዴል በኮምፒውተር አሳየችኝ። አንድ ላይ የታሰሩትን ግድግዳና በሮች ለይታ ስትመርጥ ሌላው ሁሉ ከስክሪኑ ጠፋ።

«ፈረሰ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ተደብቆ ነው፤ እሱም እኔ ጋ ብቻ። ይሄን ግሩፕ ብቀይር ግን የማላያቸው ቅጂዎቹም አብረው ይቀየራሉ።»

እኛም ኦፕራሲዮን ስንሠራ ሌላውን አካል በጨርቅ እንሸፍናለን። ከጨርቁ ሥር ያለው ልብ ግን የምንሠራውን ሁሉ ይሰማዋል። ጨርቁ ሲነሳም ሰውዬው ሙሉ ነው።

ሰፈሬ ፒያሳ ላይ እንዲህ አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ጣይቱ ሆቴል ቆሞ ቀረ፤ ጎረቤት የነበረው ሰፈር ግን የለም። የተማሪነት ዘመን ፎቶ ያላችሁ፣ ከጀርባችሁ ምን እንደሚታይ እስቲ ተመልከቱና አምጡልን።