ሹራባችን ሲንጣጣ፣ ቤንዚን ከእጃችን ይራቅ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ አየሩ ይደርቃል። ያን ጊዜ ማታ ሹራብ ስናወልቅ ይንጣጣል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ብልጭታው ይታየናል። ከመኪና ወርደን በሩን ስንነካ ጣታችንን ይነዝረናል። ጸጉራችንን ስናበጥር ማበጠሪያውን ተከትሎ ይነሳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሌላ የሚያስፈራ ነገርም የለበትም። ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል፤ በሽቦ እንደሚመጣው የማይፈስ፣ በአንድ ዕቃ ላይ ተከማችቶ የሚቀመጥ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። የሚጎዳበት ቦታ ግን አለ፤ ዛሬ የተነሳንበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ልብስ ስፌት ላይ ያለነውንና በጄኔሬተር የምንሠራውን በቀጥታ ይመለከተናል።

መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ማንኛውም ነገር ከአተሞች የተሠራ ነው። በአተም መካከል ፖዘቲቭ የሆኑ ፕሮቶኖች አሉ፤ በዙሪያው ኔጋቲቭ የሆኑ ኤሌክትሮኖች አሉ። ቁጥራቸው እኩል ሲሆን ይጣፋሉ፤ እኛም ምንም አይሰማንም። ሁለት ነገሮች ሲነካኩና ሲፋተጉ ግን ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። በሂሳብ መዝገብ ላይ የምንውል ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ ከአንዱ ወጪ የሆነው በሌላው ገቢ ይሆናል፣ ጠቅላላ ድምሩ አይለወጥም። አዲስ የተፈጠረ ኤሌክትሪክ የለም፤ የተዛወረ ነው እንጂ።

ግር የሚለው ስሙ ነው። ኤሌክትሮን የሰጠው ዕቃ «ፖዘቲቭ»፣ የተቀበለው «ኔጋቲቭ» ይባላል። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ የተገለበጠ ይመስላል። ስሞቹን ያወጣው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ኤሌክትሮን ግን የታወቀው በ1897 ነው። ስሙ አስቀድሞ ስለተለመደ እንደዚያው ቀረ።

ዕቃዎች ቻርጅ የሚያገኙት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በመፋተግ ነው። ጸጉር፣ ሱፍና ናይለን ኤሌክትሮን መስጠት ይቀናቸዋል፤ ፖሊስተርና ፕላስቲክ መቀበል ይቀናቸዋል። ሰጪና ተቀባይ ሲገናኙ መንጣጣቱ ይብሳል። ጥጥ በመካከል ላይ ያለ፣ እርጥበትም የሚይዝ ስለሆነ ነጠላችን አይንጣጣም። ሁለተኛው በመንካት ነው፤ ቻርጅ የያዘ ዕቃ ሌላውን ሲነካ ያካፍለዋል። ሦስተኛው በመቅረብ ብቻ ነው። በደረቅ ጸጉር ላይ ያሸነውን የፕላስቲክ ማበጠሪያ ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት ብናስጠጋው ሳይነካው ይስበዋል፤ ከቧንቧ በቀጭኑ የሚወርደውን ውኃም ያጎብጠዋል። ልጆቻችንን ሰብስበን ልናሳያቸው የምንችለው ነገር ነው።

«ይህን ያህል ከነዘረን ለምን አይገድለንም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። የመኪናው በር ሲነዝረን ግን ቮልቱ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው። ከጣሪያ የወረደች አንዲት ጠብታ ከከፍታ ብትመጣም አትወስደንም፤ ከጉልበት የማያልፍ ጎርፍ ግን ይወስደናል። ስታቲኩ ጠብታዋ ናት፤ ባፍታ ታልቃለች። የሶኬቱ ግን ሳያቋርጥ ይፈሳል። ስለዚህ ስታቲክ አልጎዳንም ብለን ሶኬት እንዳንዳፈር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ያቺ ጠብታ እኛን ባትገድልም የቤንዚን ትነት ለማቀጣጠል ትበቃለች። ቤንዚን በደጋ ብርድም ቢሆን ይተንናል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። የመኪና ዘይት የነካውን የናይለን ቀሚስ ለማስለቀቅ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ ይዘን ስናሽ ምን እያደረግን እንደሆነ እናስብ። ትነቱ ደረታችን ሥር ነው፤ ብልጭታ የሚወልደውን መፋተግ ደግሞ የምንሠራው በገዛ እጃችን ነው። ክብሪት ሳይጫር፣ ምድጃ ሳይኖር እሳት ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን እንያዝ፦

• ልብስ በቤንዚን አናጽዳ። ለዘይት እድፍ ዱቄት ወይም ጠመኔ ነስንሰን ዘይቱን ካስመጠጥን በኋላ በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እንጠበው።

• ጄኔሬተር ላይ ቤንዚን የምንጨምረው አጥፍተን፣ ካቀዘቀዝን በኋላ፣ ደጅ ላይ ይሁን። ጄሪካኑን ከመክፈታችን በፊት ራቅ ብለን መሬት ላይ የተተከለ ብረት በባዶ እጃችን እንንካ።

• ማደያ ጄሪካን ስናስሞላ መኪና ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀምጠን ይሁን፤ የመቅጃው ብረትም አፉን እንደነካ ይቆይ።

• ቤንዚን የፈሰሰበትን ልብስ በደረቁ ጎትተን አናውልቅ። አስቀድመን በውኃ እናርሰው።

• ቤንዚን መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትም ሆነ ስፌት ቤት ውስጥ አናስቀምጥ።

የክረምቱ መብረቅም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው፤ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ ቻርጅ ይለዋወጣሉ። ነጎድጓድ ከሰማን ዛፍ ሥር አንጠለል፤ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ እንግባ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ በሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር እንቁጠር።

እህቶች፣ ስፌት ቤት አብረውን የሚውሉት ልጆች ይህን ንግግር አልሰሙም። እድፍ እንዲያስለቅቁ የምንልካቸው ደግሞ እነሱን ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ቢያንስ ለአንዷ እንንገር፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ የተቀመጠ የቤንዚን ጠርሙስ ካለም ዛሬውኑ እናውጣው።