ለአቅመ ደካማው ባለጉዳይ የሕግ ርዳታና የመሐንዲሱ ድርሻ በአቃቂ ቃሊቲ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር የሆነው አቃቂ ቃሊቲ ሲነሣ በመሐንዲስ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ፋብሪካው፣ የጉድጓድ ውሃውና የባቡር ሐዲዱ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅቡቲ ይመጣ የነበረው የምድር ባቡር ለገሐር ከመድረሱ በፊት አቃቂን ይረግጥ ነበር። በሕንዶችና በኢትዮጵያውያን ሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብዙ ሺሕ ቤተሰብ እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ ነበር። ከተማይቱ ከምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃም ከፍ ያለው ድርሻ የሚቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። በዚሁ ስፍራ ግን ከመሐንዲሱ ዓይን የተሰወረ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም መብቱ ተነካብኝ የሚለው ሠራተኛ አቤቱታውን የሚያደርስለት ሰው ፍለጋ የሚያደርገው ዙረት ነው።

በቀድሞው ዘመን ሙግት ተጠየቅ ልጠየቅ እየተባለ በአደባባይ ሲካሄድ፣ አንደበቱ ያልተፈታ ሰው ነገር ዐዋቂ ጎረቤቱን ጠበቃ አድርጎ ያቆም ነበር። ያ ዓይነቱ ርዳታ ከዝምድናና ከጉርብትና የሚገኝ ስለነበረ ገንዘብ የሌለው ሰው ፈጽሞ ደጋፊ አያጣም ነበር ለማለት ይቻላል። ሙግቱ ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ወረቀቱም ወደ ዐዋጅና ወደ አንቀጽ ከተሸጋገረ ወዲህ ግን የጎረቤት አንደበት ብቻውን አያደርስም። በዚህ ጊዜ ነው ራፖር ጸሐፊው ቦታውን የያዘው። በየፍርድ ቤቱ በራፍ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ቀድሞ በጽሕፈት መኪና፣ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጽፈው ይህ ሰው ለደኻው ባለጉዳይ እስከ ዛሬ ከሁሉ የቀረበና ከሁሉ የረከሰ የሕግ ርዳታ ነው። ብዙዎች ይነቅፉታል። ነቀፌታው ግን ሚዛናዊ አይመስልም፤ የጠበቃ በር ለተዘጋበት ሰው የተከፈተ መስኮት እርሱ ነውና። ጉድለቱ ሌላ ነው። ራፖር ጸሐፊው የሚጽፈው ባለጉዳዩ የነገረውን ነው፤ ያልተነገረውን አይጠይቅም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜን አይቆጥርም።

የጊዜው ነገር እዚህ ላይ ሰፋ ተደርጎ ሊታይ ይገባል፤ በአቃቂ ዓይነት የሠራተኛ መንደር መብት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በክርክር መሸነፍ ሳይሆን ቀኑ በማለፉ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከሥራ ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄም በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አንድ የመፍተያ ክፍል ሠራተኛ ተሰናበተ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ሹሙን ይለምናል። በመጀመሪያው ወር የአገር ሽማግሌ ይልካል። አስተዳደሩም ክፉ ቃል አይናገርም፤ «ነገሩ እየታየ ነው፣ በሚመጣው ሳምንት ብቅ በል» ይለዋል። ሠራተኛው ይህን የተስፋ ቃል እንደ መልስ ቆጥሮ ሲመላለስ 3ቱ ወር ያልቃል። በኋላ ክስ ሲያቀርብ ተከሳሹ አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል፦ ክሱ በይርጋ ታግዷል። ስለ ስንብቱ ትክክለኛነት ከዚያ በኋላ የሚመረምር አይኖርም።

ይህንን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ዕውቀት ጥቂት ነው። ሕጉ ራሱ ይርጋው የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፦ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ሲቀርብ፣ ዐዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲመለከት፣ ወይም ሌላው ወገን የጥያቄውን እውነትነት በግልጽ ሲያምን ነው። የቃል ተስፋ ከእነዚህ ከአንዱም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሠራተኛው ሽማግሌ ልኮ ሳለ ጎን ለጎን አቤቱታውን ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቢያስገባ፣ ዕርቁንም አያፈርስ፣ መብቱንም አያጣ። ይህን የሚነግረው ሰው ጠበቃ መሆን አያሻውም፤ የማኅበሩ ተጠሪ ወይም የዕድሩ ጸሐፊ ሊነግረው ይችላል። ደቡብ አፍሪቃንና ማላዊን የመሰሉ አገሮች ይህን ተገንዝበው፣ ጠበቃ ያልሆኑ ነገር ግን መሠረታዊውን ሕግ የተማሩ ረዳቶች በየመንደሩና በየእስር ቤቱ እንዲያገለግሉ አድርገዋል። ማላዊ ውስጥ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር በአገሪቱ የነበሩት ጠበቆች ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ችግር ገንዘብ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ነገር አለ። ሠራተኛው ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ሕጉ ነጻ አድርጎታል። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎትም ክሱ ከቀረበለት ጊዜ አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ታዝዟል። ከሥራ ክርክር ውጭ ባለው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ፣ ማለትም በቤት፣ በውርስ፣ በጉዳት ካሣና በመሳሰለው፣ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሥነ ሥርዐት ሕግ የዳኝነቱን መክፈል ለማይችል ሰው በድህነት ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አመልካቹ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ በመሐላ ያረጋግጣል፤ ተቃራኒው ወገን እንዲናገር ይደረጋል፤ ፍርድ ቤቱም ይወስናል። ይህ ሥርዐት ከሕንድ ሕግ የተቀዳ ነው፤ አቃቂ ከሕንድ የመጣላት የጨርቅ መዘውር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የዳኝነት ክፍያ መቅረቱ ብቻውን ወጪን አያስቀርም። ለቀን ሠራተኛ አንድ ቀጠሮ ማለት አንድ የቀን ደመወዝና የደርሶ መልስ መጓጓዣ ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአቃቂ ምድብ ችሎት ያለው መሆኑ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

የጠበቃው በርም ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም በመምህራንና በተማሪዎች አማካይነት ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። 50 ሰዓት በሥሌት ሲታይ ከአንድ ሳምንት የሥራ ጊዜ ብዙም አይበልጥም፤ ይሁንና በልዩ ልዩ ክፍለ ከተማ ለተበተነ ሕዝብ ሰዓቱ የት እንደሚገኝ ካልታወቀ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ችግሩ የሕግ እጦት ሳይሆን የአድራሻ እጦት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ሥራ ይህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣኖች ችሎት ሲጀመር፣ ያን ያህል ከባድ ክስ ለቀረበባቸው ሰዎች ጭምር ተከላካይ ጠበቃ በመንግሥት ወጪ መቆሙ ለአገሪቱ አዲስ ነገር ነበር። ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወህኒ በ1990ዎቹ ከተዘጋ በኋላ እስረኛው ወደ ቃሊቲ ተዛውሯል። የቃሊቲ ስም በአገር ሁሉ የሚታወቀው በማረሚያ ቤቱ መሆኑ ለነዋሪው የሚያስደስት አይደለም፤ ነገር ግን ያ ግቢ የክፍለ ከተማው አካል ነው፤ በውስጡ ያለውም ሰው ከሁሉ ይልቅ የሕግ ርዳታ የሚሻ ነው።

ነጻ የሕግ ርዳታ በበጎ ፈቃድ ድርጅት ሲሰጥ ምን ያህል ሊያድግ፣ ምን ያህልስ በቀላሉ ሊቀጭጭ እንደሚችል የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ያሳያል። ማኅበሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ ለብዙ ሴቶች ያለ ክፍያ ጠበቃ ሆኗል። በአርሲ በጠለፋ ተወስዳ ጠላፊዋን የገደለች አዳጊ ልጅ ራስን በመከላከል ነጻ የወጣችው በዚሁ ማኅበር ጥብቅና ነው፤ ታሪኩም «ድፍረት» ለተባለው ፊልም መነሻ ሆኗል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 621 ግን በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ስለደነገገ፣ የማኅበሩ አገልግሎት በእጅጉ ተሸማቀቀ። ያ ሕግ በ2011 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። በመካከሉ ባለፉት 10 ዓመታት ግን በሩን አንኳኩተው የተመለሱ ሴቶች የ3 ወሩም ሆነ የሌላው ይርጋ አልጠበቃቸውም።

እንግዲህ የመሐንዲሱ ድርሻ ምን ላይ ነው? መሐንዲስ ለሰው ልሟገት ቢል የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለው ሕግ ይከለክለዋል፤ ተገቢም አይሆንም። ይሁን እንጂ በአቃቂ ቃሊቲ ከሚነሡት ክርክሮች ብዙዎቹ የሚወሰኑት መሐንዲሱ በሚጽፈው ወይም ሳይጽፍ በሚተወው ወረቀት ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ያለውን የቀን ሠራተኛ እንመልከት። የተጻፈ ውል የለውም። ሕጉ ግን ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርበትም ይላል፤ እንዲያውም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመበት ጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። መብቱ ካለ የሚቀረው ማስረጃው ነው። ማስረጃውም የት ነው? ካቦው በሚይዘው የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ፣ የሳይቱ መሐንዲስ በሚፈርምበት የደመወዝ መክፈያ ላይ፣ በዕለት መዝገቡ ላይ ነው። ሠራተኛው በእጁ ያልሆነውን ሰነድ ማን ዘንድ እንዳለ ገልጾ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብለት መጠየቅ ይችላል። ሰነዱ ሲመጣ «አበበ እና 11 ሰዎች» የሚል መስመር ብቻ ከሆነበት ግን 11ዱ ሰዎች በሕግ ፊት አልነበሩም ማለት ነው። ይህ አጻጻፍ በየሳይቱ የተለመደ ነው፤ ለሒሳብ ይበቃልና ማንም አይቃወመውም።

አደጋም እንዲሁ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ሰውም፣ በጡረታ ወይም በመድን ካልተሸፈነ፣ የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ካሣ ይወስንለታል። የሚቀርበት ሠራተኛው ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካደረሰ ነው። «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ሐረግ ካሣን አያስቀርም። ሆኖም በአደጋ ሪፖርት ላይ ይህ ሐረግ እንደ ማኅተም ተደጋግሞ ይገኛል፤ የተጎዳው ሰውም ሲያነብበው መብት የሌለው ይመስለውና ወደ ቤቱ ይሄዳል። መከለያው ከማሽኑ ላይ ተነሥቶ እንደነበረ፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደተነሣ፣ ማሽኑ በስንት ሰዓት እንደቆመ መጻፍ የሚችለው በቦታው ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ፍርድ ቤት የባለሙያ አስተያየት የሚሻበት ጉዳይ አለ፤ ጎረቤት መሠረት ሲቆፍር ግድግዳው የተሰነጠቀበት፣ ወሰኑ የተገፋበት ሰው ለመርማሪው ባለሙያ አበል አስይዝ ይባላል። የዳኝነት ክፍያ በድህነት የቀረለት ሰው በዚህ ወጪ ይሰናከላል። ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ ይህን የሚመለከት ነው። ማኅበሩ ፈቃደኛ የሆኑ አባላቱን ስም ዝርዝር ለምድብ ችሎቱ ሬጅስትራርና ነጻ የሕግ ምክር ለሚሰጡ ጽሕፈት ቤቶች ቢያስተላልፍ፣ አንድ አባል በዓመት የሚደርሰው ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ምርመራ ነው። ጡረታ የወጡ አባላት ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የተመቹ ናቸው፤ ጊዜም አላቸው፣ ከአሠሪ ተጽዕኖም ነጻ ናቸው። አባሉ የተቀጠረበት ድርጅት ተከራካሪ በሆነበት ጉዳይ ግን መመደብ አይኖርበትም።

የሰዓት መቆጣጠሪያውን በሚመለከት ደግሞ ዝርዝር መጠበቅ አያስፈልግም። በቅጹ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የቀን ደመወዙና የተሰናበተበት ቀን ቢሞላ፣ ከዚያም አንድ ግልባጭ ለሠራተኛው ቢሰጠው፣ ተጨማሪው ድካም በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ቅጹም ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል።