ውሃ ሲጎድል የቅባት እህል ምን ይሆናል?



እኛ ስለ እርሻ የምንነግራችሁ ሰዎች የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ በልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር ነው። በሰፈራችን ማሳ የለም። ዘይት ግን በየቤቱ ይፈለጋል። ከሱቅ የምንገዛው ዘይት አብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አገራችን ሰሊጧን ለውጭ ትሸጣለች፤ የምትበላውን ዘይት ደግሞ ከውጭ ትገዛለች። ይህ አይገርምም ወይ? ኑግ እኮ መገኛው ኢትዮጵያ ነው!

ኑግ ታጋሽ ነው። ውሃ የተኛበትን መሬት እንኳ ይችላል፤ ሰሊጥ ግን እንዲህ ያለውን መሬት አይወድም። ታዲያ ኑግ ታጋሽ ነው ብለን አንዘናጋ። ክረምቱ ቶሎ ወጥቶ ዝናቡ በአበባው ሰዓት ሲቋረጥ ጉዳቱ ከባድ ነው። ለምን ቢሉ፣ በቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ተክሉ ውሃ ሲያጣ እንዳይደርቅ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ያን ጊዜ አየር አይገባለትም። በአየርና በፀሐይ የሚያዘጋጀው ምግብ ይቀንሳል። ዘይቱም የሚሠራው ከዚያው ምግብ ነው። ስለዚህ ፍሬው ይቀጭጫል፤ አንዳንዱም ባዶ ይቀራል። ቁናው ሙሉ ይመስላል፣ ሲጨመቅ ግን ዘይቱ ትንሽ ነው።

ንብንም አትርሱ። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት በደንብ አያፈራም፤ የሌላውን ተክል ዱቄት የምታመጣለት ንብ ናት። በአበባ ጊዜ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ንቧንም ኑጉንም ይጎዳል። ሆለታ ያሉት ተመራማሪዎች ፎገራ፣ እስቴና ኩዩ የተባሉ የኑግ ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ ዘር ስትፈልጉ በስማቸው ጠይቁ።

ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውስ ምንድን ነው? በዓይን የማይታዩ፣ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ያሉበት ማዳበሪያ ነው። ለአኩሪ አተርና ለኦቾሎኒ በደንብ ይሠራል። ተሕዋስያኑ ከሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ይሠራሉ፤ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። በአበባ ጊዜ አንዱን ተክል ቆፍራችሁ አውጡና እብጠቱን ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራውን እየሠራ ነው። አኩሪ አተር ለአገራችን እንግዳ ስለሆነ የሚስማሙት ተሕዋስያን በብዙ ማሳ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከዘሩ ጋር አብረን እንሰጠዋለን።

ኑግ፣ ሰሊጥና ተልባ እንዲህ ያለ እብጠት የላቸውም። ለእነሱ ሌላ ዓይነት ተሕዋስያን አሉ፤ በአፈር ውስጥ የተያዘውን ፎስፈረስ ይፈቱላቸዋል ወይም ሥራቸው እንዲበዛ ይረዳሉ። ሥሩ የበዛ ተክል ውሃ በተሻለ ይስባል። ውጤቱ ግን ከመሬት መሬት ይለያያልና መጀመሪያ በቁራሽ መሬት ላይ ሞክሩት።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሕያው ማዳበሪያ ዝናብን አይተካም። አፈሩ ሲደርቅ ተሕዋስያኑም ይደክማሉ፤ ይሞታሉም። እንግዲህ ውሃውን ቀድሞ በማሳ ማስቀረት ነው። ተዳፋቱን አግድም እረሱ፣ በቆላ አገር ቦዩን ቦታ ቦታው ላይ በአፈር እሰሩት፣ ውሃ የሚሻማውን አረም ቶሎ ንቀሉ።

የሕያው ማዳበሪያውን ፓኬት ስትገዙ ራሳችሁ አንብቡት። የእህሉ ስምና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ተጽፎበታል። የአኩሪ አተሩ ለባቄላ አይሆንም። ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ዘሩን በጥላ ሥር በስኳር ውሃ አርጥባችሁ ከማዳበሪያው ጋር ለውሱት፤ በዚያው ቀን ዘርታችሁ አፈር አልብሱት።