መድፉ ያለፈበት መንገድ

(ለድኅረ መሠረተ ትምህርት አንባቢዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቅርስ ነው። ቅርስ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጎንደር ግንብ ነው፤ አለዚያም አዲስ አበባ ያለው ሙዚየም ነው። ሙዚየም ማለት ያለፈው ዘመን ዕቃ ተሰብስቦ፣ ስሙና ታሪኩ ተጽፎበት፣ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ እኛ ጋ ያለው ማሳና ገደል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት አልፎ ወደ ወሎ የሚወጣው መንገድ ራሱ የታሪክ መጽሐፍ ነው። እናንተም ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁና ይህን መጽሐፍ ማንበብ ትችላላችሁ።

ደብረ ታቦር፣ የጦር ከተማ

መጀመሪያ ከደብረ ታቦር እንነሣ። ከተማይቱን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው። ዘመኑም ዘመነ መሳፍንት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ በስም ተቀምጦ ሳለ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በራሶቹ እጅ ነበር።

በየካቲት 1834 ዓ.ም. የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን ሊወጉ መጡ። ደብረ ታቦር አጠገብም ውጊያ ሆነ። ውቤ አሸነፉ፤ ራስ አሊ ሸሹ። ግን ምን ይሆናል! ውቤ ገና የድሉን ደስታ ሲያከብሩ የራስ አሊ ወገኖች ደርሰው ያዟቸው። አሸናፊው ተማረከ፤ ተሸናፊው ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። የሚበላው በደረሰበት አገር የገበሬውን እህልና ከብት ነበር። ስለዚህ ውቤም ያሸንፉ አሊም ያሸንፉ፣ ጎተራው የሚራቆተው ያው ገበሬ ነበር።

በኋላም አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አስገብረው ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ዮሐንስም በደብረ ታቦርና በአጠገቧ ባለችው በሰመራ ይቀመጡ ነበር። በ1872 ዓ.ም. ጎርደን የተባለው እንግሊዛዊ ጄኔራል ስለ ግብጽ ጉዳይ ሊነጋገር ወደ አፄ ዮሐንስ የመጣው ወደዚችው ከተማ ነው።

ጋፋትና ሴባስቶፖል

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ለወንጌል ትምህርት ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ያሰፈሯቸው እዚያ ነው። ከነሱም አንዱ ቴዎፍል ቫልድማየር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ «መድፍ ሥሩልኝ» አሏቸው። መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደጋግመው ሞከሩና ተሳካ።

ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። ስሙ የተወሰደው ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ከተዋጋችበት ከተማ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። አስቡት እንግዲህ! አንድ አህያ አንድ ኩንታል ብትሸከም ይኸ የ70 አህያ ጭነት ነው፤ ግን ተከፋፍሎ የሚጫን አይደለም፤ አንድ ወጥ ነው። መድፉን ያቀለጡት ፈረንጆቹ ብቻ አልነበሩም። ከሰል ያከሰለው፣ ድንጋይ የተሸከመው፣ ወናፍ የነፋው የአገሩ ሰው ነበር። የነሱን ስም የጻፈው ግን የለም።

በጋይንት ላይ ስድስት ወር

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። የእንግሊዝ ጦር የታሠሩትን ዜጎቹን ለማስፈታት በቀይ ባሕር በዙላ በኩል ይመጣ ነበርና እሱን ለመቅደም ነው የቸኮሉት።

መንገድ ግን አልነበረም። የሚሄዱበትን መንገድ እየሠሩ መሄድ ነበረባቸው። ጋይንትን አቋርጠው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ በዘቢጥና በዋድላ በኩል ወደ ጅጣ ገደል ወረዱ። ከዚያም ወደ ደላንታ ወጡ፤ እንደገና ወደ በሽሎ ወረዱ። ቋጥኙ ይፈለጣል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ ገደሉ ይሞላል። ሠረገላውን በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትታል። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ተንዶ ሰው እንዳይፈጅ ወደ ኋላ ስቦ ይይዛል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሰው ቀድመው ድንጋይ ያነሱ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ እስረኞችና ባለሙያዎች ጽፈዋል። ለእግረኛ የጥቂት ቀን የሆነው መንገድ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናዎች ከወረታ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ። ይኸው እናንተ «የቻይና መንገድ» የምትሉት በንፋስ መውጫ የሚያልፈው ነው። ጨጨሆን በመኪና ስትወጡ ያንን 70 ኩንታል መድፍ አስታውሱ።

ይህን ስናነሣ ሌላውን መደበቅ አይገባንም። አፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ፣ ጥበብ ለማስገባት የደከሙ ጀግና ናቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የበጌምድር ገበሬ እህሉ ተዘርፏል፣ ቤቱ ተቃጥሏል። የጎንደር ከተማ በ1859 ዓ.ም. ተቃጥላለች። ሕዝቡም መርሮት ሸፍቷል። ታዲያ የቱን እንናገር? ሁለቱንም ነው። መድፉን ብቻ የሚያሳይ፣ የተቃጠለውን ጎጆ የማያሳይ ሙዚየም ግማሽ እውነት ነው።

የመቅደላ ዕቃ ወዴት ሄደ?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። የእንግሊዝ ጦር አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ናቸው። ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። በሦስተኛው ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚያ ዘረፋ ሆነ። የወርቅ ዘውድ፣ ታቦት፣ የብራና መጽሐፍ፣ ልብስ ተወሰደ። የተወሰደውን ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል ይባላል። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በለንደን በብሪትሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁንም ወሰዱት። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አይሆንም ብሏል። የተመለሰም ነገር አለ። በ1994 ዓ.ም. ከኤዲንብራ አንድ ታቦት መጣ፤ በ2011 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ተመለሰ።

ሴባስቶፖልን ግን ማንም አልወሰደውም። ከባድ ነዋ! ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። የስማዳ ሰዎች ሆይ፣ በመቅደላ ሥር የሚፈሰው በሽሎ የናንተን አገር ጠርዝ ይዞ ወደ ዓባይ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። መቅደላ ሩቅ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ

በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጋይንት ወዲያ አንቺም ላይ ሌላ ጦርነት ሆነ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን በኢትዮጵያ የጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አውሮፕላኑ ቦምብ ከመጣሉ በፊት ውግዘት ያለበት ወረቀት በትኗል። በዚያ ጊዜ ማንበብ የሚችል ጥቂት ነበር። ወረቀቱ ከሰማይ የወረደለት ገበሬ የሚያነብለት ሰው መፈለግ ነበረበት። ማንበብ አለማወቅ በጦርነት ጊዜ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእስቴ ሰዎችም የራሳችሁ ምስክር አላችሁ። ከእስቴ ወደ ሞጣ በሚያሻግረው መንገድ ዓባይ ላይ ያለው የጥንት የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተሰበረ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ፤ ጎርፍ ሲያፈርሰው ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ጣሊያን ከደብረ ታቦር የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ገበሬው በድልድዩ ስብራት ስንት ዘመን ተቸገረ! ጦርነት ያፈረሰውን ሰላም ቶሎ አይጠግነውም።

በቅርቡም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ንፋስ መውጫ ገባ። የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ለቀናት በያዙበት ጊዜ ሴቶች ተደፈሩ፣ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ በ2014 ዓ.ም. መግለጫ አውጥቷል። ይኸም ታሪክ ነው። የሚጻፈውም ቂም ለማውረስ አይደለም፤ የተጎዳው ሰው «አልተደረገብህም» እንዳይባል ነው።

በሰው ውስጥ ያለ ቅርስ

ሁሉም ቅርስ የጦር ዕቃ አይደለም። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ካህን ከየትም አገር ተምሮ ቢመጣ ድጓን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ነው። ደብረ ታቦር በራሷ ስም የምትጠራ አቋቋም አላት፤ ታች ቤት ይሏታል። በነሐሴ 13 ቀን ደግሞ የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ይከበራል። ልጆች ይጨፍራሉ፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሙልሙል ይታደላል።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት መንገደኛ ቤተልሔም ደርሶ በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊ ሕንፃ እንዳለ አየና በመጽሐፍ ጻፈ። ለሱ አዲስ ግኝት ነበር። የጋይንት ሰው ግን ሲያስቀድስበት የኖረ ነው። ልዩነቱ እሱ ጻፈ፣ እኛ አልጻፍንም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ። ደብተሩ ርካሽ ይሁን ውድ፣ ይበቃል። ማን እንደ ነገራችሁ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አስፍሩ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢነግራችሁ ሁለቱንም ጻፉ። አሮጊቶችንም ጠይቁ። ወንዱ ስለ ውጊያው ሲነግራችሁ፣ ሴቷ ስንቁን ማን እንደ ፈጨው፣ ልጆቹ የት ዋሻ እንደ ተሸሸጉ ትነግራችኋለች።

ሁለተኛ፣ ብራና አይሸጥ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በጨለማ መጥቶ ብር የሚቆጥር ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። በመቅደላ የተወሰደው በጦር ኃይል ነው፤ አሁን የሚወጣው በኛው እጅ ከሆነ በማን እናለቅሳለን?

ሦስተኛ፣ የጥንት ካብ፣ የፈረሰ ምሽግ፣ የመቃብር ድንጋይ ካገኛችሁ ለቤት መሥሪያ አታንሱት። ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ ታሪኩ አብሮት ይነሣል።

አራተኛ፣ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ቅርስ አይደለም። በእርሻ ላይ ብታገኙ አትንኩት፣ አትቀጥቅጡት፣ ልጆችንም አርቁ። ቦታውን በምልክት ከልላችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

ወገኖቼ፣ በደብረ ታቦር ሆነ በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ ሆነ በመካነ ኢየሱስ ሙዚየም ቢሠራ ቤቱን የሚሠራው መንግሥት ወይም የአገር ተወላጅ ሊሆን ይችላል። ውስጡ የሚገባው ግን እናንተ ጋ ያለው ነው። መድፍ የጎተተ ሰው ልጅ ዛሬ በሕይወት የለም፤ የልጅ ልጁ ግን የሰማውን ይዞ እሳት ዳር ተቀምጧል። ዛሬ ማታ ጠይቁት። በምናስተምርበት ቀን የጻፋችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ እናነባለን።



የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሴባስቶፖል የተሠራው የት ነው? ክብደቱስ ስንት ነው?
2. መድፉ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ በየትኞቹ ቦታዎች አለፈ?
3. ከመቅደላ ከተወሰዱት ዕቃዎች የተመለሱት የትኞቹ ናቸው?
4. በሰፈራችሁ ካለ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ስለ ጦርነት ዘመን የሰማችሁትን በአሥር መስመር ጻፉ።