እርስዎስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?



ልጅ አስቸገረን ብለው ወደ እኔ የሚመጡ ወላጆች ነገሩን የሚጀምሩት ከጥፋቱ ነው። ከክፍል ይፎርፋል፣ አምሽቶ ይገባል፣ ሲናገሩት በሩን ወርውሮ ይወጣል፣ ታናሽ እህቱን ይመታል፣ ከቦርሳ ብር ይጎድላል። ሁሉንም እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ልጁ ውጭ እንዲጠብቅ አደርግና ወላጁን እጠይቃለሁ፦ «እርስዎስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። «እኔ ምን ሆኜ? የመጣሁት ለልጁ ነው» ይሉኛል። ዝም ብዬ ስጠብቅ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው እስኪነጋ ጣራ ጣራውን ሲያዩ እንደሚያድሩ፣ ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት እንኳ እንዳስጠላቸው፣ ከሥራ ሲመለሱ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ደጅ ላይ ቆመው ትንፋሽ እንደሚሰበስቡ ይነግሩኛል። ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። አፍላ ወጣት ሲያስቸግር ዓይናችን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ከእሱ ጀርባ ያለው የወላጅ ድካም፣ ጭንቀትና ድብርት ግን ሳይታይ ይቀራል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን የማነሳው ወላጅ ለመክሰስ አይደለም። ድብርት ያለበት ሰው ቀድሞውኑ ራሱን ሲከስ ነው የሚያድረው፤ ሌላ ከሳሽ አያስፈልገውም።

የወላጅ ጭንቀት ወደ ልጁ እንዴት እንደሚሻገር በአንድ ጥናት ልጀምር። በአሜሪካ መሐል አገር አዮዋ የምትባል በቆሎና አሳማ የምታመርት ግዛት አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ገበሬዎቿ መሬት ለመጨመር ተበደሩ። በ1980ዎቹ የባንክ ወለዱ ናረ፣ የመሬቱ ዋጋ ደግሞ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ከአያት የወረደ እርሻ በጨረታ ተሸጠ። ራንድ ኮንገርና ግሌን ኤልደር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1989 የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያላቸውን 451 ቤተሰቦች መከታተል ጀመሩ። መጠይቅ ብቻ አልበተኑም፤ ቤታቸው ድረስ ሄደው ወላጆችና ልጆች ሲነጋገሩ በቪዲዮ ቀረጹ።

ያገኙት ነገር ለእኔ ከሙያዬ ትልልቅ ግኝቶች አንዱ ነው። ገንዘብ ማጣቱ በቀጥታ ሄዶ ልጁን አላበላሸም። መጀመሪያ የደረሰው በወላጆቹ ስሜት ላይ ነው። የመብራትና የዕዳ ክፍያ አልሸፈን ሲል አባትም እናትም ይከፋቸዋል፣ ተስፋ ይቆርጣሉ። የከፋቸው ባልና ሚስት እርስ በርስ ይነካከሳሉ። የተነካከሱ ወላጆች ልጁ ላይ ይጮኻሉ፣ ወይም ጨርሰው ይተውታል። የልጁ ጠባይ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር፣ የጤፍ ዋጋ በተሰማ ቁጥር በእኛም ቤት የሚሆነው ይኸው ይመስለኛል። ልጁ የጤፉን ዋጋ አያውቀውም፤ የእናቱን ፊት ግን ያነባል።

ከዚያው ጥናት ሌላም ነገር ወጥቷል። ባልና ሚስት በሚደጋገፉበት ቤት፣ ችግሩ ያው ሆኖ ሳለ፣ ወላጆቹ ያን ያህል አልተጎዱም። አባቶች ይህን ስሙልኝ። ሚስትህ ከከፋት ልጅህን ለመርዳት አጭሩ መንገድ እሷን «ዛሬ እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ተኚ» ማለት ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ምሽት ላሳያችሁ። ከማውቃቸው ብዙ ቤቶች የተቀመመ ነው፤ የማንም ብቻ አይደለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። እናት ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ራሷን እየወቀራት ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል።

«ስልኩን አስቀምጥና ደብተርህን አውጣ።»

«እሺ፣ አንዴ።»

አሥር ደቂቃ ያልፋል። «አልነገርኩህም?»

«አንቺ ደግሞ፣ ሁልጊዜ እኔ ላይ ብቻ!»

ድምፅ ይጨምራል፤ የእሷም የእሱም። እሱ ትራሱን ይወረውራል። እሷ ቢላዋውን መክተፊያው ላይ ታስቀምጣለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። «እንደፈለግህ ሁን! የራስህ ጉዳይ ነው!» ትለዋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። እሱ ስልኩን ይቀጥላል።

በማግስቱ ያው ልጅ ብርጭቆ ያመልጠውና ይሰበርበታል። እናት በማማሰያ ትመታዋለች።

ትናንት ሆነ ብሎ አልታዘዝም ያለው ታለፈ፤ ዛሬ ሳያስበው የሰበረው ተመታ። ልጁ ከዚህ ምን ተማረ? ጩኸቱን ካበረታ እናቱ እንደምትለቀው። እናትስ? ካልመታች እንደማትሰማ። ሁለቱም የተማሩትን በሚቀጥለው ቀን ይዘው ይመጣሉ፣ አንድ ደረጃ ጨምረው። በኦሪጎን ግዛት ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ባለሙያዎችን ሰው ቤት እየላከ እናት ምን አለች፣ ልጅ ምን መለሰ እያሰኘ በየ6 ሰከንዱ ያስመዘግብ ነበር። በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አዙሪት በዝርዝር አሳይቷል። ጠብ በአንዴ የሚፈነዳ ነገር አይደለም፤ በየማታው በትንሽ በትንሹ የሚሠለጠንበት ነው። ልጁ ቤት ውስጥ የሠለጠነበትን ደግሞ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳል፣ መምህሩ ላይ ይሞክረዋል።

ድብርት እዚህ ውስጥ የት አለ? ሁለቱም ቦታ አለ። በመተዉም በመምታቱም። ድብርት የያዘው ሰው ጉልበት የለውም፤ ሕግ ማስከበር ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል፣ ተነስቶ መሄድ፣ ስልኩን መቀበል፣ ኩርፊያውን መቻል። ስለዚህ ይተዋል። ትዕግሥቱም አልቋል፤ ስለዚህ በትንሽ ነገር ይገነፍላል። የልጁን ዝምታ እንደ ንቀት ያነባል። በጎውን አያይም፤ ያላያችሁት በጎነት ደግሞ አይደገምም። ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ በርክሌይ ባደረገችው ጥናት ወላጆችን በአስተዳደጋቸው ከለየች ወዲህ ሲደጋገም የታየው ፍቅርም ሥርዓትም ያለበት ቤት ለልጅ እንደሚበጅ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የማሰምርበት ግን መዋዠቁን ነው። ጥብቅ ቤት አውቃለሁ፣ ላላ ያለ ቤትም አውቃለሁ። ልጅን ይበልጥ የሚያደናግረው ዛሬ በምን እንደሚመታ የማያውቅበት ቤት ነው።

ሁልጊዜ የሚነሳብኝን ጥያቄ ላንሳ። «እኛም ተገርፈን፣ በርበሬ ታጥነን፣ ጠጠር ላይ ተንበርክከን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» ይሉኛል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ጄኒፈር ላንስፎርድና ባልደረቦቿ በ2005 ባወጡት ጥናት በስድስት አገሮች፣ በቻይና፣ በሕንድ፣ በጣሊያን፣ በፊሊፒንስ፣ በታይላንድና በጎረቤታችን ኬንያ፣ እናቶችንና ልጆችን ጠየቁ። መምታት እንደ ወግ በሚታይበት አገር ከልጁ ጠበኝነትና ጭንቀት ጋር ያለው ዝምድና ደከም ብሎ ተገኘ። ስለዚህ «በእኛ ዘመን የተለመደ ነበር» ማለታችሁ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ግን ዝምድናው ደከመ እንጂ አልጠፋም። ወግ በሆነበት አገርም ብዙ የሚመታ ልጅ ይበልጥ ጠበኛ፣ ይበልጥ ጭንቀታም ነበር። በዚያ ላይ እኛ ስንመታ የምንሸሽበት ቤት ነበረን፤ አያት ነበሩ፣ «ተዪው በሞቴ» የምትል ጎረቤት ነበረች። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሩ ተዘግቶ ልጅ ሲመታ ማን ገብቶ ያስጥላል? ዘመኑም ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ክፍል ውስጥ የማይመታ ልጅ ቤት ሲገባ በማማሰያ ሲመታ ይህን ከወግ አይቆጥረውም።

የመምታት ሌላ ዋጋም አለ፣ ወዲያው የማይታይ። ወላጆች ልጃችን የት እንደሚውል እናውቃለን የምንለው ተከታትለን ይመስለናል። ሃካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን ያሉ የ14 ዓመት ልጆችን አጥንተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ያሳተሙት ግን ሌላ ነው፤ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያውቀው አብዛኛው ነገር ልጁ በፈቃዱ የነገረው ነው። እንግዲህ አስቡት። ሴት ልጃችሁ «ዛሬ እነ እንትና ሺሻ ቤት ገቡ፣ እኔም ደጅ ቆሜ ነበር» ብላ ስትነግራችሁ ከጆሮ ግንዷ ብታጮሉላት፣ ሺሻ ቤቱን አትተወውም፤ መንገሩን ትተወዋለች። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ከጎረቤት ነው፣ እሱም ዘግይቶ።

አሁን ወደ ተስፋው ልምጣ፤ ይህን ዝግጅት እንዳዘጋጅ የገፋፋኝም እሱ ነው። ሚርና ዋይስማን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። እሷና ባልደረቦቿ ለድብርት ሕክምና የጀመሩ እናቶችንና ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን፣ በጠቅላላው 151 ጥንድ፣ ተከታተሉ። ጥናቱ መድኃኒት የሰጠው ለእናቶቹ ነበር። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም የጠባይ ችግር ነበረባቸው። ከ3 ወር በኋላ እናቶቻቸው ከዳኑላቸው እንዲህ ካሉ ልጆች መካከል ከመቶ 33ቱ እነሱም ከችግራቸው ወጡ። እናቶቻቸው ካልዳኑት መካከል የወጡት ከመቶ 12 ብቻ ናቸው። ውጤቱ በ2006 ታትሟል። እናት ታከመች፣ ልጅ ተሻለው። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ነው ያቺን የእንቅልፍ ጥያቄ ማስቀደም የጀመርኩት።

እንግዲህ ራሳችሁን እንዴት ትታዘባላችሁ? ሰው ሁሉ ይከፋዋል፤ ድብርት የምንለው ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በአብዛኛው ቀን፣ የማይለቅ ሲሆን ነው። የምትወዱት ነገር ያስጠላል። እንቅልፍ ይጎድላል ወይም ይበዛል፣ ምግብ ይቀራል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ዋጋ የለኝም የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚመጣው፤ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ጨጓራዬ ነው» እያሉ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞሩ ብዙ ናቸው። በወንዶች ላይ ቁጣና መጠጥ ሆኖ ይወጣል። «አባታቸው ቁጡ ነው» የሚባልለት ስንቱ ሰው ታሞ ይሆን?

እርዳታ ለመፈለግ የግድ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ የለባችሁም፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ጤና ጣቢያም ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አማኑኤል መሄድም ቢሆን ነውር የለበትም። «አበደች ይሉኛል» በሚል ፍራቻ ዓመታት የተሰቃዩ እናቶች አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ፣ አብረው ይሄዳሉ። የመሞት ሐሳብ የመጣበት ሰው ካለ፣ ወላጅም ይሁን ልጅ፣ ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ፣ ብቻውንም አይተው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ሕጎቹን አሳንሱ። ሃያ ነገር መከልከል ሃያ ነገር ማስከበር ነው፤ ለደከመ ሰው አይሆንም። ሦስት ይበቃሉ፤ የመግቢያ ሰዓት፣ እጅ ያለማንሳት፣ ትምህርት ያለመቅረት። እነዚህ ሲጣሱ ቅጣቱ ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቅር። ለምሳሌ ለአንድ ምሽት ስልኩ እናት ጓዳ ያድራል፣ በማግስቱ ይመለሳል፣ በቃ። ቁጣው ሲመጣ ያኔውኑ አትፍረዱ። «አሁን ተናድጃለሁ፤ ነገ ጠዋት እንነጋገራለን» በሉና በእርግጥም ጠዋት ተነጋገሩ። ያለአግባብ የመታችሁት ዕለት ደግሞ ይቅርታ ጠይቁ። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ይናቃል የሚል ፍራቻ አለ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ችግር የለም» ይላል፣ ከዚያ ማታ ሳይጠሩት ገበታ ላይ ይቀመጣል።

ልጁም ወላጁን እንደሚያደክም አውቃለሁ። በተፈጥሮው ፈጣን፣ ቁጡ፣ አልቀመጥ ባይ ልጅ አለ፤ ጤነኛውንም እናት ያሳምማል። ማን ጀመረው የሚለውን ስንፈልግ አንደርስበትም። ማን መጀመሪያ ሊያቆመው ይችላል ብንል ግን ትልቁ ሰው ነው፣ አቅም ካገኘ። አቅሙን እንዲያገኝ ነው መታከም ያለበት።

ስለዚህ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ፣ ስለ እናንተ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትለፉት። ልጁ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ይጠብቅ። የሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ንገሩን።