ጀግና ከቤተ ሰቡ ሊሰወር ይገባዋልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በክፍላችን ክርክር ላይ የተነሣው ጥያቄ፣ ልዕለ ጀግና የሚባለው ሰው ማን መሆኑን ከሚወዳቸው ሰዎች ሊሰውር ይገባዋልን? የሚል ነበር። እኛ ልጆች በስልክ የምናያቸውን ፊልሞች ወላጆቻችን ላታውቋቸው ትችላላችሁና ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ።

ሱፐርማን የተባለው ጀግና በአሜሪካ በሥዕል በሚነገር መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ሰው በሰማይ ይበራል፤ ጥይት አይመታውም። በሌላው ጊዜ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ክላርክ ኬንት ተብሎ፣ በጋዜጣ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ይጽፋል። የሥራ ባልደረባው ሎይስ ሌን በሰማይ የሚበረውን ታደንቃለች፤ አጠገቧ የተቀመጠውን ግን ፈሪ ነው ብላ ትንቀዋለች። ሊያገባት ካሰበ በኋላ እውነቱን የገለጸላት በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ቅጽ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተፈጠረው ስፓይደርማንም ያሳደገችውን አክስቱን፣ ትደነግጥብኛለች እያለ፣ ብዙ ዘመን ደብቋታል። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው። ጠላት ማንነቴን ካወቀ የምወዳቸውን ያጠቃብኛል ይላሉ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነው። የእኛ ጀግና ይፎክራል እንጂ ስሙን አይደብቅም። ሁለተኛ ስም ቢኖረውም የፈረስ ስም ነው፤ የፈረስ ስም ደግሞ የሚወጣው አገር እንዲሰማው ነው። በዚሁ በስሜናችን፣ በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ሲባሉ፣ አባ ታጠቅ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ነገር ግን የሱፐርማን መጽሔት በወጣበት ዓመት፣ ይኸውም በ1930 ዓ.ም.፣ በአገራችን እንዲህ ያለውን ኑሮ በእውነት የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የውስጥ አርበኞች ይባላሉ። በዱር በገደሉ የተዋጉትን አርበኞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ የውስጥ አርበኞች ግን ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጠው ነበር የሚሠሩት። አንዱ የኢጣሊያኖች አስተርጓሚ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ ነው፤ አንዲቱ ጠጅ ትሸጣለች። ወታደሩ ሞቅ ሲለው የሚያወራውን ሰምተው ወደ ዱር ይልካሉ፤ ጥይትና መድኃኒት ያሾልካሉ። ከእነርሱ ሁሉ ስማቸው ጎልቶ የሚነገረው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ገንዘባቸውን ለአርበኞች አፈሰሱ፤ ጠላት ይዞ ወደ ኢጣሊያ፣ አዚናራ ወደምትባል ደሴት አጋዛቸው፤ ከዚያ ሲመለሱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

አሁን ከክርክሩ ዋና ነጥብ ደረስኩ። ክላርክ ኬንት ቢበዛ ፈሪ ተባለ። የውስጥ አርበኛ ግን ባንዳ ይባል ነበር። ከጠላት ጋር ሲበላ፣ ለጠላት ሰላምታ ሲሰጥ ጎረቤት ያየዋል። ሚስቱም ታየዋለች። ልጁ ውኃ ለመቅዳት ሲወርድ «የባንዳ ልጅ» ይባላል፤ ማታ አባቱን ሲጠይቅ አባቱ ዝም ይላል። ያ ሰው ነጻነት ሳይመጣ በሕመም ቢሞት ማን ይመሰክርለታል? በዱር ያሉት ጓደኞቹም ከሞቱ፣ ለአገሩ የሠራው ሥራ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ ስድቡ ግን ከቤቱ ይቀራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል በሚባልበት አገር ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

በክርክሩ ከወዲያ ወገን የቆመው ጓደኛዬ «ያልሰማ በግርፋት አይናገርም» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ሕፃን ልጅ ምሥጢር ይጠብቅ ማለትም ጭካኔ ነው። ግን አለማወቅ ሰውን ያድናል የሚለውን አልቀበልም። አብርሃ ደቦጭ በኢጣሊያኖች መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስገዶም ጋር በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከመጣሉ በፊት፣ ባለቤቱን ወደ ደብረ ሊባኖስ እንደ ወሰዳት ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሰው ሚስቱን ከከተማ አውጥቶ ገዳም ካስጠጋ፣ በአፉ ባይነግራትም በሥራው ነግሯታል። ከቦምቡ በኋላ ግን በአዲስ አበባ ስለ ነገሩ አንዳች የማያውቅ ሕዝብ ሦስት ቀን ሙሉ በየቤቱ ተገደለ። በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ፣ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ባስታወቀው ቁጥር እንኳ፣ 297 መነኮሳት ተረሸኑ፤ ከዚያም ዲያቆናቱ ተጨመሩ። ጠላት አውቃችኋል ወይስ አላወቃችሁም ብሎ አልለየም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሥራው ይደበቅ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የጓደኞቹ ስም፣ ጥይቱ የተቀበረበት ይደበቅ። ወገኑ ግን ከቤቱ ቢያንስ ከአንድ አዋቂ ሰው አይደበቅ። «የምታይው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ከማን ጋር እንደ ቆምኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንቺም እወቂ፤ ሌላውን አትጠይቂኝ» ለማለት አንድ ሌሊት ይበቃል። ተገርፋ ብትናገርም የምትናገረው ስም የላትም፤ እርሱ ቢሞት ግን ለልጁ የምትነግረው አላት። እርግጥ ያቺ አንዲት ቃል ራሱ ባልን ለገመድ ልታበቃው ትችላለች፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ሚስትን በዕድሜዋ ሙሉ የባንዳ ሚስት ነኝ እያለች እንድታፍር ከማድረግ ይልቅ እርሷን ማመን ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የዚያ ከተማ የውስጥ አርበኛ በነጋታው በአደባባይ ማንነቱን ሊናገር ቻለ። እዚህ ግን ከደባርቅ አልፎ ባለው በወልቅፊት ምሽግ የኮሎኔል ጎኔላ ጦር ገና የሊማሊሞን መንገድ ዘግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ለእንግሊዞችና ለአርበኞች እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ነጻ የወጣችው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ እልል ስትል፣ በደባትና በደባርቅ ምሥጢር የያዘ ሰው ክረምቱን ሙሉ አፉን ዘግቶ፣ ስድቡን ተሸክሞ መክረም ነበረበት።

በመካከላችሁ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከወላጆቻችሁ አፍ «እገሌ ባንዳ ይባል ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው» ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ለእኛ ለተማሪዎች ንገሩን። በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ላይ በጥንቃቄ እንጽፈዋለን።