በንጉሥ ሥዕል ላይ መሳቅ ነውር ነው?

(ይህ ጽሑፍ ቦንጋ ላይ ለተሰበሰቡ መምህራንና ወጣቶች በንግግር መልክ የቀረበ ነው።)



«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ በሉልኝ! አይከሰስ አለ እንጂ አይሳቅበት አላለም። ንጉሡን ፍርድ ቤት ማቆም ያልቻለ ሕዝብ ቡና ሲፈላ ያቆመዋል። አቦል ላይ ያነሳዋል፣ ቶና ላይ ያገላብጠዋል፣ በረካ ላይ ይፈርድበታል። የቡና አገር በሆነችው በዚህች በካፋማ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ያልታማ ሹም ካለ፣ እሱ ገና ያልተሾመ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አሮጌ የነገሥታት ሥዕሎች፣ ስለ ዘውዱ፣ ስለ ካባው፣ ስለ ሰንሰለቱም ጭምር ነው። መሳቅ ተፈቅዷል። ነገር ግን ሳቁ ሲያልቅ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ ማን ነው በማን የሚስቀው?

ከአንገት በላይ አንበሳ

ከአፄ ምኒልክ እንጀምር። በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን በየትኛው ፎቶግራፍ ነው? ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ ጠምጥመው፣ በላዩ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው በተነሱት ነው። ከአድዋ በኋላ የዓለም መንግሥታት መልእክተኛ እየላኩ የሚለማመጧቸው ንጉሠ ነገሥት፣ በፎቶው ላይ ከሩቅ ገበያ የተመለሱ ባለጠጋ ነጋዴ ይመስላሉ። እኔ ይህን ፎቶ እወደዋለሁ። ዘውድ የበዓል ዕቃ ነው፤ ባርኔጣ የሥራ ነው። የሠራ ሰው ጌጥ ቢጎድልበት አያፍርም።

ወደ አፄ ኃይለ ሥላሴ እንለፍ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የተነሷቸውን ፎቶዎች ተመልከቱ። ባርኔጣው ላይ የአንበሳ ጎፈር ተንጨባሯል፤ ከታች ደግሞ በወርቅ የተጠለፈ የፈረንጅ የማዕረግ ልብስ፣ ደረት ሙሉ ሜዳይ፣ ጓንት። ከአንገት በላይ አንበሳ፣ ከአንገት በታች ለንደን! «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ማዕረግ የተሸከሙት ንጉሥ ደግሞ ሉሉ የምትባል ጭብጥ የማትሞላ ውሻ ነበረቻቸው። ግቢው ውስጥ እውነተኛ አንበሳ እያለ፣ ባለሟል ሁሉ በዓይኑ የሚከተላት ሉሉን ነበር። ቤተ መንግሥት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከአንበሳው ይልቅ ትንሿ ውሻ ታስፈራለች።

የአፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ሌላ ነው። በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ የለም። ስለዚህ ሠዓሊው ሁሉ የየራሱን ቴዎድሮስ ሣለ። አንዱ ዓይናቸውን እሳት ያደርገዋል፣ ሌላው ሹሩባቸውን ያረዝመዋል፣ ሦስተኛው አንበሳ ከእግራቸው ሥር ያስተኛል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሳቁን መራራ ያደርገዋል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከመቅደላ ከተዘረፉት ዘውዶች አንዱን ደግሞ እንግሊዞች ለንግሥት ዘውዲቱ መለሱ፤ በ1917 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። የመለሱት ወርቅ የተቀባውን የብር ዘውድ ሲሆን፣ የወርቁ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ቀረ። ሌባ ሲመልስ እንኳ መርጦ ነው የሚመልሰው!

ጫማ የሰፋው ሰው ዘውድ ይዞ ሄደ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የካፋው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 እ.ኤ.አ. ነገሠ። ፎቶ አንሺ ቤተ መንግሥቱ ሳይደርስ ጦር ደረሰ። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የምኒልክን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ነበር። ወራት የፈጀ ውጊያ ነው። ካፋዎች በጥልቅ ጉድጓድና በደን ተከላክለው ነበር፤ ጦር ይዞ ጠመንጃን መመከት ግን እስከ መቼ ይቻላል? ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ንጉሡ ተያዘ።

ንጉሡ በብር ሰንሰለት ታሰረ ይባላል። እስቲ አስቡት! ብረት ለተራ ሰው፣ ብር ለንጉሥ። ሰንሰለቱ ራሱ የማዕረግ ዕቃ ሆነ። ተሸላሚ ነው እስረኛ? ጎጀብን ሲሻገር ደግሞ የወርቅ ቀለበቱን ከጣቱ አውጥቶ ወንዙ ውስጥ ጣለው እየተባለ ይተረካል። ያን ቀለበት ማንም አልማረከውም፤ ማንም በሙዚየም መስታወት ውስጥ አላስቀመጠውም። ከካፋ ዕቃ ሁሉ ነፃ የወጣው እሱ ብቻ ነው ቢባል ያስኬዳል። ንጉሡ ግን ወደ ካፋ አልተመለሰም፤ በ1919 እ.ኤ.አ. በእስር እንዳለ አረፈ።

ዘውዱስ? ዘውዱ እንደ ራስ ቁር ያለ ነው፤ በወርቅና በብር ያጌጠ፣ የሰጎን ላባ የሚሰካበት። ግንባሩ ላይ ደግሞ የወንድ ብልት አምሳል ጌጥ አለበት። ወጣቶች ሲስቁ ይታየኛል፤ ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገር ግን በደቡብና በኦሮሞ ምድር ከላቻ የሚባለውን የግንባር ጌጥ የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የዘር፣ የልምላሜ፣ የወንድነትና የሥልጣን ምልክት ነው። የፈረንጅ ንጉሥ አንበሳና ንስር ሲያስለጥፍ «ግርማ» ተባለ፤ የካፋ ንጉሥ የዘር ምልክት ግንባሩ ላይ ሲያደርግ «ጉድ» ተባለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰውን የሚያበዛው የትኛው ነው? ንስር ነው?

ያን ዘውድ ምኒልክ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት። ዘውዱ አገር ውስጥ ከቆየ የካፋ መንግሥት ያንሠራራል የሚል ሥጋት ነበር ይባላል። ኢልግ መሐንዲስ ነበር። መጀመሪያ ሲመጣ ምኒልክ ሙያውን ሊፈትኑ ጫማ ሥራልኝ አሉት እየተባለ ይተረካል፤ ሠራላቸውም። እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ፤ ለአንዱ ንጉሥ እግር ጫማ የሠራው ሰው የሌላውን ንጉሥ የራስ ዘውድ ይዞ ዙሪክ ገባ። ይህን ቀልድ አዝማሪ ቢፈጥረው «አበዛኸው» ይባል ነበር። ዘውዱ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

የራስ ሳቅና የሰው ሳቅ

ወገኖቼ፣ ሳቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ገበሬው በጭቃ ሹሙ፣ አዝማሪው በራሱ፣ ደብተራው በንጉሡ የሚስቀው። ይህ ሳቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰም ለብሶ ወርቁን የሚደብቀውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ድል ያደረገው በተሸነፈው፣ ጎብኚው በባለአገሩ የሚስቀው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ምኒልክ የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር ከአሜሪካ አስመጡ፣ መብራት ስለሌለ ዙፋን አደረጉት የሚባል ወሬ በፈረንጅ መጽሐፍ ሁሉ ተዛምቷል። በዘመኑ ሰነድ ማስረጃ አልተገኘለትም። እኛም ተቀብለን እየሳቅን አስተጋባነው! የራሳችንን ንጉሥ በሰው ቀልድ ስናማ ማለት ነው። አዲስ አበቤው በዚህ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ መቆጣቱም ተገቢ ነው። ታዲያ ያው አዲስ አበቤ የካፋን ዘውድ ሥዕል ሲያይ «ምንድነው ይሄ?» ብሎ ሲያሽካካ፣ ፈረንጁ በምኒልክ ላይ ያደረገውን እሱ በጋኪ ሸሮቾ ላይ እያደረገ መሆኑን ለምን አይታየውም? በአንዱ የሚያንገበግበን በሌላው የሚያስቀን ከሆነ ችግሩ ያለው ዘውዱ ላይ አይደለም።

ይህን ስል የካፋ ታቶ አይነካ ማለቴ አይደለም። እሱም ገባር የነበረው፣ ባሪያ የነበረው ንጉሥ ነው። የሱን ግብር ተሸክመው የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች እዚሁ አሉ፤ እነሱ ቢስቁበት መብታቸው ነው። ከፍለውበታል።

ምስማሩ አልተነቀለም

ነገሥታቱ አልፈዋል፤ ሥዕል መስቀሉ ግን አላለፈም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ ሥዕላቸው ከየቢሮው ወረደ። በ1969 ዓ.ም. ከብሩም ላይ ወረዱ። በቦታቸው ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ከነጢማቸው ወጡ፤ ቀጥሎ ሊቀመንበር መንግሥቱ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. እሱም ወረደ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. አቶ መለስ ሲሞቱ ሥዕላቸው ከአደባባይ እስከ ኮሪደር ሞላ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ፊት በካናቴራና በመኪና መስታወት ላይ ተለጠፈ። ግድግዳው አንድ፣ ምስማሩም አንድ! የሚቀያየረው ፊቱ ብቻ ነው።

በዘውድ ዘመን ዘውዱ ይታይ ስለነበር ለሣቂም ይመች ነበር። ዛሬ ዘውዱ ክራቫት ነው፣ ካባው ከረባት የሌለው ኮት ነው፣ ጎፈሩ የአጃቢ መኪና ሰልፍ ነው። አይታይም ብለን ዝም ካልን ግን ከሉሉ ፊት የሚያጎነብስ ባለሟል ሆነን መቅረታችን ነው።

ስለዚህ ለመምህራን የምለው አለኝ። የጋኪ ሸሮቾን ዘውድ ቅርጽ፣ ትርጉምና የስደት ታሪክ ለልጆች አስተምሩ። ጌጡን ሸፍናችሁ፣ አፍራችሁ አታስተምሩ። ልጁ መጀመሪያ ይወቀው፤ ካወቀ በኋላ ይሳቅበት። ሳያውቅ የሚስቅ ልጅ የሰው መሣሪያ ነው። አውቆ የሚስቅ ግን ዜጋ ነው፤ በትናንቱ ንጉሥ መሳቅ የለመደ፣ የዛሬው ሹም ፊት ሲቆምም ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም።